የሃምሳ ሁለት ቁጥር ሄልሜት

በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ነበረ ልክ አላስታውስም። ባለቤቴ ከሲያትሉ ማውንት ቤከር ሰፈር ወደ ኬንት ከተማ ዕቃችንን ባጋዝንበት ዓመት ነው ትላለች። እኔ ከዚያ በኋላ ይመስለኛል። ያኔ ጠዋት ጠዋት በባቡር ወደ ሥራ እሄድ ነበር፤ በባቡር መሄድ የጀመርኩት ደግሞ ኬንት ከገባን በኋላ ነው። ብቻ ሄልሜቶቹ ገና በአየር በሚሞሉበት ዘመን፣ አለቃዬ ዋልተር ጉልበቱን ኦፕራሲዮን በሆነበት ወቅት ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ አብረውኝ የሚቀመጡ እኩዮቼ «አሜሪካን አገር ምን ስትሠራ ኖርክ?» ሲሉኝ «ሄልሜት ስለካ» እላቸዋለሁ። አንዱ ታክሲ ነድቷል፣ አንዱ ኤርፖርት ሻንጣ ተሸክሟል፣ የነሱ ሥራ ወዲያው ይገባል። የኔን ሲሰሙ «የሞተር ሳይክል?» ይላሉ። የኳስ ነው ስላቸው ደግሞ ይስቃሉ። በጭንቅላት ኳስ ይገጫል እንጂ ጭንቅላት መቼ ይሸፈናል ነው ነገሩ። እንግዲህ ለነሱ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነውና አጻጻፉ ቢጎረብጥ ይለፉኝ።

የአሜሪካኖቹ ፉትቦል ከኛ ኳስ ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ ነው። ኳሷ እንደ ሎሚ በሁለት ጫፏ የሾለች ናት። አንዱ በእጁ ይዟት ይሮጣል፣ ሌላው እየበረረ መጥቶ ይጥለዋል። መጣል ሥራ ስለሆነ ትከሻውም፣ ጉልበቱም፣ ራሱም መከላከያ አለው። ኮሌጆቹ ሁሉ ቡድን አላቸው፤ ከነሐሴ ጀምረው ቅጠሉ ረግፎ እስኪያልቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጫወታሉ። እኔ የሠራሁት ከትንንሾቹ ኮሌጆች ባንዱ ነው። ስሙን መጥራት አያስፈልግም።

አዲስ አበባ ሳለሁ ቆዳ ሰፊ ነበርኩ፤ ቦርሳ፣ ቀበቶ፣ አንዳንዴም የፈረስ ዕቃ። ለባለቤቴ ዲቪ ደርሷት ሲያትል ስንገባ መጀመሪያ የኪራይ መኪና አጠብኩ። እዚያ የነበረው አለቃ ሰው ሲያናግር መኪናውን እንጂ ሰውዬውን አያይም። ቀጥሎ ዌርሃውስ ገብቼ ካርቶን አሸግሁ። እዚያ አለቃችን ደግ ሴት ነበረች፤ ወገቤን ሲያመኝ ቀስ ባለው መስመር ላይ ታቆመኝ ነበር። ከዚያ ኮሌጁ ለጽዳት ቀጠረኝ። ደመወዙ ከዌርሃውሱ በጥቂት ይሻላል፣ ኢንሹራንስ ነበረው፣ በቃ።

አንድ ቀን የዕቃ ክፍሉን ወለል ስወለውል ጠረጴዛ ላይ ማሰሪያው የተተረተረ የትከሻ መከላከያ አየሁ። አጠገቡ መርፌና ክር ተቀምጧል። እጄን በላኝ። ተቀምጬ ሰፋሁት። ቀና ስል ዋልተር በሩ ላይ ቆሟል። ዋልተር ከደቡብ የመጣ ረጅም ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ። የሚቆጣኝ መስሎኝ ተነሣሁ። መከላከያውን አንሥቶ ስፌቱን በጥፍሩ ፈተገው፣ ጎተተው፣ ገለበጠው።

«ይህን ማን አስተማረህ?» አለኝ።

«አባቴ።»

«ሌላ ሦስት አለ» አለና ከመደርደሪያው አወረደልኝ። በወሩ ከጽዳት ወደሱ ተዛወርኩ።

ስለ ዋልተር ብዙ መጻፍ እችላለሁ። «ደህና ነው» የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም፣ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣም አይወድም። «ይህ ደህና ነው» ስትለው «አሳየኝ» ይላል። የልጅ ራስ ከመንካቱ በፊት እጁን በሙቅ ውኃ ይታጠባል። «በቀዝቃዛ እጅ ከነካኸው አንገቱን ይሰብቃል፤ አንገቱን ከሰበቀ ልክህ ውሸት ነው» ይል ነበር። አሥር ዓመት አብሬው ስሠራ ይህን አንድም ቀን ሲዘለው አላየሁም።

ሄልሜት መለካት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ፀጉሩን በውኃ ታርሰዋለህ፤ ሜዳ ላይ በላብ መራሱ አይቀርምና። ከቅንድቡ ከፍ አድርገህ ዙሪያውን በሜትር ትለካለህ። ሄልሜቱን ታጠልቅለታለህ፤ በቅንድቡና በሄልሜቱ ጠርዝ መካከል ሁለት ጣት ይግባ። ከዚያ ቀጭን መርፌ ያላት ትንሽ ፓምፕ አለች፤ መርፌዋን በግሊሰሪን አርሰህ ታስገባና ውስጥ ያሉትን ትራሶች በአየር ትሞላለህ። ደረቅ መርፌ ካስገባህ ቀዳዳውን ይተረትረዋል፣ አየሩም ቀስ እያለ ሲወጣ አታውቅም። ትልቁ ሙከራ መጨረሻ ላይ ነው። ፊቱ ላይ ያለውን የብረት ፍርግርግ በሁለት እጅህ ይዘህ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ትጎትታለህ። የግንባሩ ቆዳ ከሄልሜቱ ጋር አብሮ ከሄደ ልክ ነው። ቆዳው ባለበት ቆሞ ሄልሜቱ ብቻውን ከሄደ ግን ያ ልጅ ራሱን አልሸፈነም።

ሐሙስ ሐሙስ ሁሉንም እንደገና እንሞክራለን። የተጫዋቾቹ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አለ፤ ያየኸውን ቁጥር ምልክት ታደርግበታለህ። አየሩ ከቀዘቀዘ ትራሱ ይሟሽሻል። ፀጉር የተቆረጠ ካለ ደግሞ ከባዶ ይጀመራል። ዋልተር «ፀጉር ከተለወጠ ራስ ተለወጠ» ይላል።

በዚያ ወቅት አንድ ተከላካይ ነበረን፤ ቁጥሩ ሃምሳ ሁለት። ሁሉም በቁጥሩ ይጠራዋል፣ እኔም እንደዚያው። አራተኛና የመጨረሻ ዓመቱ ነው። ያሳደጉት አያቱ ናቸው፤ ስካይዌይ በሚባል ሰፈር አብረው ይኖራሉ። አሮጊቷ በሜዳችን ጨዋታ ሲኖር የዝናብ ልብሳቸውን ደርበው ታችኛው የወንበር ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ። አይጮኹም፣ አያጨበጭቡም፤ አይተው ይሄዳሉ። ልጁ ከዚያ ዓመት በኋላ በሌላ ቦታ እጫወታለሁ የሚል ተስፋ አልነበረውም። ያ ዓመት ለሱ ሁሉም ነበር።

ፀጉሩ ጉድ ነው። ነሐሴ ላይ ሊለካ ሲቀመጥ ዋልተር ዙሪያውን አየና «ይህ ፀጉር ነው ወይስ ሌላ ተጫዋች ጨምረህ መጣህ?» አለው።

«ጉልበቴ ያለው እዚህ ነው» አለ ልጁ።

እኔም «ሶምሶንም እንዲሁ ይል ነበር፤ መጨረሻው አላማረም» አልኩት።

«ጋሼ፣ አንተና አያቴ ትተዋወቃላችሁ እንዴ? ዕለት ተዕለት የምትለኝ ይህንኑ ነው።»

ጋሼ ያለኝ ስሜ መስሎት ነው። የቡድኑ የሕክምና ባለሙያ ቤዛ እዚሁ ሲያትል ተወልዳ ያደገች የኛው ልጅ ናት፤ ጋሼ ብላ ስትጠራኝ ሰምተው ሁሉም ተከተሏት። አንዱ ተጫዋች «ጋሼ የመጀመሪያ ስሙ ነው የአባቱ?» ብሎ ሲጠይቃት «ሁለቱም ነው» ብላ ዘጋችው።

ወቅቱ በሽንፈት ተጀምሮ እየተስተካከለ ሄደ። አጋማሹ ላይ ሁለት ነገር ባንድ ሳምንት ሆነ። ዋልተር ጉልበቱን ሊታከም ሆስፒታል ገባና ክፍሉን ለኔ ተወ። የሃምሳ ሁለት አያት ደግሞ አረፉ።

ልጁ ሦስት ቀን ቀርቶ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጣ። ያ ፀጉር የለም። ራሱ እስከ ቆዳው ተላጭቷል። እኔ ባደግሁበት አገር ሰው የቅርቡ ሲሞትበት ፀጉሩን ይላጫል። እዚህም እንደዚያ የሚያደርግ ሰው መኖሩ አስገረመኝ፣ አንጀቴንም በላው። ሌሎቹን ለክቼ እስክጨርስ ጠበቀ። ሲወጡ ገባና ተቀመጠ። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «እግዚአብሔር ያጽናህ» የሚለውን በምችለው እንግሊዝኛ አልኩት። «ታንክ ዩ» አለ። ከዚያ ዝም አልን። ሐዘንተኛ ዘንድ ሄዶ ዝም ብሎ መቀመጥ በኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም ወጉን ያደረስኩ መሰለኝ።

ሄልሜቱ ፊታችን ተሰቅሏል። አይቼዋለሁ። ፀጉር ከተለወጠ ራስ ተለወጠ የሚለውንም አልረሳሁትም። ግን የሐዘንተኛን ራስ በውኃ አርሶ፣ ፍርግርጉን ይዞ እንደ በግ ግራና ቀኝ መጎተት፣ አያቱ ከተቀበሩ በማግስቱ፣ አስነዋሪ ሆነብኝ። ቅዳሜ ጠዋት ቀስ ብዬ አደርገዋለሁ አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ልጁ ተነሥቶ ሄደ። ወረቀቱ ላይ ሃምሳ ሁለት ባዶ ከሆነ አሠልጣኙ ከጨዋታ ውጭ ያደርገዋል ብዬ ሳላየው ምልክት አደረግሁበት።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ ወረደ። የሁሉንም ጫማ ረጅም ጥርስ ወዳለው መለወጥ ነበረብኝ፤ ብቻዬን ነኝ፣ ከየአቅጣጫው ይጠሩኛል። ሃምሳ ሁለት ሄልሜቱን ራሱ ከመስቀያው አንሥቶ ማሰሪያውን አጥብቆ ወጣ።

ከዕረፍት በኋላ ነው የሆነው። ኳስ የያዘውን ልጅ ሊጥል ገባ፣ ከጎን ሌላ ተጋጣሚ መታው፣ ሄልሜቱ ከራሱ ወጥቶ ሣሩ ላይ ተንከባለለ። እሱ ገና እየወደቀ ነበር። የሌላው ጉልበት ባዶ ራሱን አገኘው። ቤዛ ስትሮጥ አየሁ። እኔ ካለሁበት አልተንቀሳቀስኩም። ሄልሜቱን አንዱ ዳኛ አንሥቶ ወደ መስመሩ አመጣና ለኔ ሰጠኝ፤ ዕቃ ክፍል መሆኔን ከልብሴ አውቆ ነው። ወደ ውስጥ እጄን ሰደድኩ። ትራሶቹ ለዚያ ፀጉር ቦታ ትተው እንደተሞሉ ነበሩ፤ ከተላጨ ራስ ጋር ጣቴ ሁሉ የሚገባበት ክፍተት ነበር።

ልጁ በኋላ ራሱን ችሎ ተነሣ። ቀኑን ግን አያውቅም፣ ውጤቱን ሁለት ጊዜ ጠየቀ። ቤዛ ስትመለስ «ጋሼ፣ ኦኬ ነዎት? ቁጭ ይበሉ» አለችኝ። የታመመው እኔ እመስል ነበር።

ሄልሜት አንዳንዴ ይወልቃል። ማንም አልጠየቀኝም። ወረቀቱም ምልክት አለበት። ሰኞ ዋልተር በክራንች ገባ። አልተቀመጠም። የሃምሳ ሁለትን ሄልሜት ከመደርደሪያው አውርዶ ውስጡን ተመለከተ፣ ወረቀቱን አየ፣ ሄልሜቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«አሳየኝ» አለ።

ምኑን አሳየዋለሁ? ሁሉንም ነገርኩት። የሐዘንተኛን ራስ መጎተት እንደከበደኝ፣ በኔ አገር ነውር እንደሆነ፣ ምልክቱንም በውሸት እንዳደረግሁ። ዋልተር ሰምቶ ሲጨርስ ክራንቹን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈ።

«ልጁን አከበርክ» አለ። «ራሱን ግን ተውከው። ለቢሮው እኔ እነግራለሁ። ለልጁ የምትነግረው አንተ ነህ።»

ቢሮው ማስጠንቀቂያ ጽፎ አስፈረመኝ። ያ ቀላሉ ነበር። የከበደኝ ስካይዌይ መሄዱ ነው። ቤዛ «እኔም ልጠይቀው እሄዳለሁ፣ አብረን እንሂድ» ብላ በመኪናዋ ወሰደችኝ። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይገባምና ባለቤቴ መኮሮኒና ዳቦ ሠርታ ሰጠችኝ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ቤቱ ግን መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል፤ ብርሃን ራሱን ያመዋል። ቤዛ መርምራው መኪና ውስጥ እጠብቅዎታለሁ ብላ ወጣች። ብቻችንን ቀረን።

ነገርኩት። አላስጌጥኩትም። እሱ ሶፋው ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

«የመጨረሻ ዓመቴ ነው» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ዶክተሩ በቃህ ብሎኛል። አራት ጨዋታ ይቀራል፣ በቃህ አለኝ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ለምን እንደተላጨሁ ታውቃለህ?»

«ለሐዘን መሰለኝ።»

«የምን ሐዘን? ቁረጠው ቁረጠው እያለች አራት ዓመት ለመነችኝ። በሳጥኗ አጠገብ ስቆም በዚያ ፀጉር እንዳልቆም ብዬ ነው።» ዓይኑን ገለጠ። «ሐሙስ የት እንደተቀመጥኩ አስታውስ እስቲ። መለኪያው ወንበር ላይ እኮ ነው። ሌላ ስንት ባዶ ወንበር ነበር። ያን ሳምንት ሰው ሁሉ እንደ እንቁላል እሰበራለሁ ብሎ ይፈራኝ ነበር፤ አሠልጣኙ ከሩቅ ራሱን ይነቀንቅልኛል፣ ጓደኞቼ እኔ ስገባ ሙዚቃ ይዘጋሉ። አንተ ትጎትተኛለህ ብዬ መጣሁ። እንደ ወትሮው። አንተም እንደነሱ አጠገቤ ቁጭ አልክና ዝም አልክ።»

ምግቡን ማድ ቤት አስቀምጬ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ቤዛ «ምን አለዎት?» አለችኝ። «እውነቱን» አልኳት። መኪናውን አስነሣች።

ከዚያ በኋላ እጄ እምቢ አለኝ። ልጅ ተቀምጦ ራሱን ሲሰጠኝ መርፌዋን ከቀዳዳው ማገናኘት ተሳነኝ። ለዋልተር ወደ ጽዳት መልሰኝ አልኩት። አልተቃወመም፣ አልለመነኝም። የዝውውሩን ደብዳቤ ጻፈና መሳቢያው ውስጥ አኖረው። «የመጨረሻው ጨዋታ ካለፈ በኋላ አስገባዋለሁ። እስከዚያ ልብስ እጠብ» አለኝ። ሄልሜቶቹን በአንድ እግሩ እየቆመ እሱ ለካ።

ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት ባለው ሐሙስ ልብስ ሳጣጥፍ ሃምሳ ሁለት ጥቁር መነጽር አድርጎ ገባ። ከኋላው በሱ ቦታ የሚጫወተውን አዲስ ልጅ አስከትሏል። አዲሱ ልጅ ያን ዕለት ፀጉሩን ተቆርጦ ነበር። ዋልተር ፓምፑን ሊያነሣ ሲል ሃምሳ ሁለት «አንተ ቁጭ በል፣ ጉልበትህ ነው» አለው። ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ለካው።»

«እኔ አቁሜያለሁ።»

«ሰምቻለሁ። እኔን የመታኝን የሚመስል ሰው ቅዳሜ ይህን ልጅ ሊመታ ይመጣል። ና ለካው።»

ዋልተርን አየሁት። እሱ ወረቀቱን እያየ ነው። ልብሱን አስቀምጬ ሄድኩና እጄን በሙቅ ውኃ ታጠብኩ። ከወትሮው ረዘም አድርጌ ታጠብኩ። የልጁን ራስ አራስኩ፣ ለካሁ፣ አጠለቅሁለት። መርፌዋ ሁለት ጊዜ ሳተችኝ። ሃምሳ ሁለት ከኋላዬ ቆሟል። በሦስተኛው ገባች። ፍርግርጉን ይዤ ቀስ ብዬ ሳብ አደረግሁ።

«እንዲህ ነው የሚጎተተው?» አለ ሃምሳ ሁለት። «ጠበቅ አድርግ። አትዘንለት።»

ጎተትኩ። ልጁ ከነወንበሩ ተነቃነቀ። የግንባሩ ቆዳ አብሮ ሄደ።

«አሳየኝ» አለ ዋልተር ከተቀመጠበት። ደግሜ ጎትቼ አሳየሁት።

የሚቀጥለውን ጠራሁ። ከዚያም የሚቀጥለውን። ሃምሳ ሁለት ሁሉም እስኪያልቁ ቆሞ አየ። ሲጨርሱ መነጽሩን አወለቀና መለኪያው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እንደማይጫወት እሱም እኔም እናውቃለን። ሄልሜቱን ከመደርደሪያው አወረድኩ። ራሱን አራስኩ፣ ትራሶቹን በልኩ ሞላሁ። ሕመም ላይ ያለ ራስ ነውና መጎተቱ ላይ ሲደርስ ቆምኩ። እሱ ራሱ እጄን ይዞ ፍርግርጉ ላይ አኖረው፣ በጣም ቀስ አድርገን አብረን አንቀሳቀስነው። ቆዳው አብሮ ሄደ። «ኦኬ» አለና ተነሥቶ ሄደ።

ያንን ጨዋታ ተሸነፍን። ሄልሜት አልወለቀም። ሰኞ ዋልተር ደብዳቤውን ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጠኝና ምን እንደማደርገው ሳይጠይቀኝ ወደ ሥራው ዞረ። ቀደድኩት።

ልጁ ዳግመኛ አልተጫወተም። ራስ ምታቱ እስከ ፋሲካ ገደማ ቆይቶ ለቀቀው። የሱን ዓመት ግን ማንም አልመለሰለትም፣ እኔም መለስኩለት ብዬ አላውቅም። ዋልተር ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ሠርቶ ወደ አገሩ ወደ ደቡብ ተመለሰ። እኔ እስከ ጡረታዬ ስንት ራስ እንደለካሁ አልቆጠርኩም፤ ተላጭቶ የመጣ ሁሉ ግን ሐዘንተኛም ይሁን ሙሽራ መጀመሪያ የሚቀመጠው መለኪያው ወንበር ላይ ነበር። ቤዛ በቅርቡ ወስዳኝ ክፍሉን አይቼው ነበር። አሁን የተጫዋቹን ራስ የሚለካው ካሜራ ነው፤ ልጁ ዝም ብሎ ይቆማል፣ ትራሱ በልኩ ከፋብሪካ ተሠርቶ ይመጣል። ጥሩ ነገር ነው፣ አይሳሳትም ይላሉ።

ሙያውን ያስተማረኝ ዋልተር ነው፤ ለሱ ያለኝን ምስጋና በሕይወት ሳለ ነግሬዋለሁ። እጄን መልሶ ለሥራ ያበቃው ግን በኔ ጥፋት ራሱን የተመታው ልጅ ነው። በዕቃ ክፍሉ ወረቀት ላይ ሃምሳ ሁለት ተብሎ ተጽፏል፤ እዚህ ግን በስሙ ይጻፍልኝ። ስሙ ማላካይ ነው።